ብላክፑል፤ የዳንስ ውድድር የሚፈረድባት የባሕር ዳር ከተማ

በእንግሊዝ አገር በስተ ሰሜን ምዕራብ፤ ከማንችስተር ከተማ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ በአይርላንድ ባሕር ዳር የተሠራች ብላክፑል የምትባል ከተማ አለች። ይህችን ከተማ ያየናት ዓመታዊው የዳንስ ውድድር በሚደረግበት ሰሞን ስለ ሆነ፤ ስለ ከተማይቱና ስለ ውድድሩ የተመለከትነውንና የተረዳነውን ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እዚህ የምንናገርለት ዳንስ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ተያይዘው፤ በእንጨት ወለል ላይ በዜማው ልክ እየተራመዱ አዳራሹን የሚዞሩበት ነው። እስክስታ ለለመደ ዓይን በመጀመሪያ እንግዳ ይመስላል። በእኛ ዘንድ ትከሻው ይናገራል፤ እግሩ ያዳምጣል፤ በዚያ ግን ትከሻው ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ ታዝዞ ሥራው ሁሉ የእግርና የጕልበት ነው። ዓይነቶቹም ቫልስ፤ ታንጎ፤ የቪየና ቫልስ፤ ፎክስትሮትና ኵዊክስቴፕ የሚባሉት አምስቱ ናቸው። ከእነዚህም ሌላ ከላቲን አሜሪካ ወገን የመጡ ናቸው የሚባሉ ሳምባ፤ ቻቻቻ፤ ሩምባ፤ ፓሶ ዶብሌና ጃይቭ አሉ። ዳንሰኞቹም በሁለት ይከፈላሉ፤ በማስተማርና በማሳየት እንጀራቸውን የሚያገኙበት ባለሙያዎች ይባላሉ፤ ሌላ ሥራ እያላቸው ለፍቅሩ ብቻ የሚደንሱት ግን አማተር ይባላሉ። እኛም በተለይ ለመናገር ያሰብነው ስለ እነዚህ ስለ ሁለተኞቹ፤ ይልቁንም በየአውራጃው ስላሉት ነው።

ወደ ብላክፑል የሚሄደው ባቡር ፕሬስተን የምትባለውን ከተማ ካለፈ በኋላ አገሩ ሜዳ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ መንገደኛው ከተማይቱን ሳያይ ግንቧን ያያል። ይህ ከብረት የተሠራ ግንብ 158 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፤ የከተማይቱ ከንቲባ የነበሩት ጆን ቢከርስታፍ በ1889 በፓሪስ ታላቅ ኤክስፖዚሲዮን ላይ የኤፌልን ግንብ አይተው ከተመለሱ በኋላ እርሱን በመምሰል የተሠራና በ1894 የተከፈተ ነው። ከባቡሩ የወረዱት ሰዎች ግማሾቹ ሕፃናትን የያዙ የባሕር ዳር እንግዶች ነበሩ፤ የቀሩት ግን ረጅም የልብስ መሸፈኛ በትከሻቸው ተሸክመው፤ ፀጕራቸውን በቅባት አጣብቀው፤ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው የሚሄዱ ነበሩና፤ ማንም ሳይነግረን ለምን እንደ መጡ ዐወቅናቸው።

ከተማይቱ እንዲህ ያለች የዳንስ መናኸሪያ ለመሆን የበቃችበት ምክንያት ከጥጥ ጋራ የተያያዘ ነው። የባቡር ሐዲድ በ1846 ከደረሰላት በኋላ፤ በላንካሻየር አውራጃ በሚገኙት የጥጥ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ሰዎች የዕረፍት ቦታ ሆነች። በዚያ አገር የነበረው ልማድ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ከተማ በበጋ ወራት የራሱ የሆነ አንድ ሳምንት ነበረው። ያ ሳምንት ሲደርስ የከተማው ፋብሪካዎች ሁሉ ባንድነት ይዘጋሉ፤ እሳቱ ይጠፋል፤ ማሞቂያው ይጠረጋል፤ ሠራተኛውም ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ከነቤተ ሰቡ በባቡር ወደ ባሕር ይወርዳል። የአንዱ ከተማ ሳምንት ሲያልቅ የሌላው ስለሚተካ፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ በዚያው መንገድ ላይ በሌላ ከተማ እንደ ገና ይገናኝ ነበር። ቀን በባሕሩ ዳር ሲነፍስበት የዋለ ሰው ማታ የሚገባበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ በዚያም አገር ዝናቡ ቀን ከሌት አይለይምና፤ የከተማይቱ ባለ ገንዘቦች ትልልቅ አዳራሾችን ለመሥራት ተሽቀዳደሙ።

ከእነዚህም አዳራሾች ሁለቱ ዛሬም ቆመዋል። አንደኛው በግንቡ ሥር ያለው ነው፤ ፍራንክ ማቻም የሚባለው የቲያትር ቤቶች መሐንዲስ አሠርቶት በ1899 ተከፈተ። ወለሉ ማሆጋኒ፤ ኦክና ዋልነት ከሚባሉ እንጨቶች በተቈረጡ 30,602 ቁራጮች የተገጠመ ነው። ጣራው በሥዕል፤ ሰገነቶቹም በወርቅ ቅብ የተሸለሙ ስለ ሆኑ፤ የወፍጮና የጥጥ አቧራ ሲያራግፍ የኖረ ሠራተኛ በጥቂት ሳንቲም የመኳንንት እልፍኝ በሚመስል ቤት ውስጥ ሚስቱን ይዞ ይደንስ ነበር። በ1956 እሳት ተነሥቶ ወለሉንና መድረኩን ካቃጠለ በኋላ እንደ ቀድሞው አድርገው ለማደስ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ሬጂናልድ ዲክሰን የሚባለው የኦርጋን መቺ ከ1930 እስከ 1970 በዚሁ አዳራሽ ሲጫወት ኖሯል፤ አርባ ዓመት ባንድ ወንበር ላይ መቀመጥ በባለ ሥልጣኖችም ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

ሁለተኛውና ለነገራችን ዋና የሆነው፤ የክረምት አትክልት ቦታ ተብሎ በ1878 በተከፈተው ታላቅ ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው የእቴጌ አዳራሽ ነው። አዳራሹ የተሠራው በ1896 ሲሆን፤ ጣራው እንደ በርሜል ግማሽ ክብ ሆኖ የተደፋ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በ1918 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወስዶት አር 33 የተባለው የአየር መርከብ የጋዝ ከረጢት ይሰፋበት እንደ ነበረ ስንሰማ፤ ስፋቱን ለመገመት ሌላ መለኪያ አላስፈለገንም። ወለሉ ከሥሩ ብዙ የብረት ሞላ የተደረገበት ስለ ሆነ፤ በላዩ የሚራመድ ሰው ወለሉ እንደሚመልስለት ይሰማዋል። እኛም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በማለዳ ገብተን በጫማችን ብንሞክረው፤ እንኳን ዳንስ የማናውቀውን እኛን ቀርቶ ጕልበታም ሽማግሌን የሚያስነሣ መስሎ ታየን።

በዚህ አዳራሽ የመጀመሪያው የዳንስ በዓል በ1920 በፈረንጆች ፋሲካ ሳምንት ተደረገ። ያን ጊዜ የተፈለገው የተሻለውን ዳንሰኛ ለመምረጥ አልነበረም፤ ሦስት አዳዲስ የዳንስ ሥርዓቶችን፤ ማለት አንድ ለቫልስ፤ አንድ ለቱ ስቴፕ፤ አንድ ለፎክስትሮት ለማግኘት ነበር። ጦርነቱ ገና ማለፉ ነበርና ሕዝቡ አዲስ ዜማና አዲስ ርምጃ ይራብ ነበር። ከአሜሪካ የሚመጣው ሙዚቃ ሁሉንም አደበላልቆት አንዱ መምህር ያስተማረውን ሌላው መምህር ያፈርሰው ስለ ነበረ፤ የለንደን መምህራን ተሰብስበው በ1929 ባደረጉት ታላቅ ጉባኤ የዋና ዋናዎቹን ዳንሶች ርምጃና የዜማውን ፍጥነት ወሰኑ። በ1922 በለንደን የዓለም ውድድር ያሸነፈው ቪክቶር ሲልቬስተርም በ1935 የራሱን ኦርኬስትራ አቋቁሞ፤ ከተወሰነው ፍጥነት ሳያልፍና ሳይዘገይ የሚጫወት ሙዚቃ በሸክላ እያስቀረጸ አሠራጨ። ከዚህ በኋላ በገጠር ከተማ ያለ ወጣት ሸክላውን ገዝቶ በወጥ ቤት ውስጥ ወንበሮቹን ገፍቶ ሲለማመድ፤ በለንደን ካለው ጋራ ባንድ ልክ ይራመድ ነበር። ልክ ከሌለ ፍርድ የለምና፤ የአውራጃ ውድድር በሙሉ ኃይሉ የተነሣው ከዚያ ወዲህ ነው። የብሪታንያ ባለሙያዎችና አማተሮች ሻምፒዮና በብላክፑል በ1931 ተጀመረ።

በዚያ ዘመን አንድ አማተር ጥንድ የሚያልፍበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ነበር። መጀመሪያ በራሱ ከተማ አዳራሽ፤ ከሥራ ባልደረቦቹና ከጎረቤቶቹ ፊት ይወዳደራል፤ ካሸነፈ ወደ አውራጃው ማጣሪያ ይሄዳል፤ ከዚያም ካለፈ ወደ ትልቁ ከተማ ይጠራል። አዳራሾቹም በየከተማው ነበሩ፤ በለንደን ሃመርስሚዝ ፓሌ በ1919፤ በማንችስተር ሪትዝ በ1927 ተከፈቱ፤ ስማቸው ያልተነገረ ሌሎች ደግሞ ብዙ ነበሩ። የቴሌቪዥን ዘመን ሲመጣ፤ ኤሪክ ሞርሊ የሚባለው ሰው ያሰበው ከም ዳንሲንግ የተባለ ዝግጅት በ1950 በቢ.ቢ.ሲ. ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ የአገሪቱ ክፍሎች የአማተር ቡድን እያሰለፉ የሚወዳደሩበት ሆነ። የአንዱ አውራጃ የባንክ ጸሓፊና የሌላው አውራጃ የሱቅ ሠራተኛ ጓንት አድርገው በሕዝብ ፊት ለአገራቸው ክብር ሲደንሱ፤ እናቶቻቸው በቀሚሱ ላይ ስንት ሺህ የሚያብለጨልጭ ጌጥ በእጃቸው እንደ ሰፉ በዝግጅቱ መሪ አንደበት ይነገርላቸው ነበር። ይህ ዝግጅት እስከ 1998 ድረስ ቈየ።

አሁን በአዳራሹ ውስጥ ያየነውን እንናገር። ዛሬ በዓሉ የሚደረገው በግንቦት መጨረሻ ሲሆን ከሳምንት በላይ ይፈጃል፤ ከ50 ከሚበልጡ አገሮችም ተወዳዳሪ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎች ጥንዶቹ እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ በክፍል በክፍል እየሆኑ ወደ ወለሉ ይገባሉ። ወንዱ ከኋላው ረዝሞ የተከፈለ ጥቁር ኮት ለብሶ በጀርባው ላይ ቍጥር ተሰፍቶለታል፤ ሴቲቱ ግን ቍጥር የላትም፤ በእርሱ ቍጥር ትታወቃለች። ኦርኬስትራው ለእያንዳንዱ ዳንስ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ይጫወታል። ዳኞቹ በወለሉ ዙሪያ ቆመው፤ ሳይነጋገሩ፤ እያንዳንዱ ለራሱ በያዘው ሰሌዳ ላይ ወደሚቀጥለው ዙር እንዲያልፉ የሚፈልጋቸውን ቍጥሮች ብቻ ያመለክታል። ለአንድ ጥንድ የሚደርሰው የዳኛ ዓይን ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በዚያች ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሌላ ጥንድ ቢጋርደው የአንድ ዓመት ድካም ሳይታይ ያልፋል።

የፍርዱ ሥርዓት በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ወደ መጨረሻው ዙር ስድስት ያህል ጥንዶች ሲደርሱ፤ እያንዳንዱ ዳኛ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ ያስቀምጣቸዋል። የዳኞቹም ቍጥር ጎዶሎ እንዲሆን ተደርጓል፤ ከእነርሱ የሚበልጡት አንደኛ ያሉት ጥንድ አንደኛ ይሆናል። ከዳኞቹ እኩሌታ የሚበልጡት ባንድ ጥንድ ካልተስማሙ፤ አንደኛ ያሉትና ሁለተኛ ያሉት ባንድነት ይቈጠራሉ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ዳኛ ለወዳጁ ቢያደላ ወይም በጠላቱ ላይ ቢከፋ፤ የእርሱ አንድ ድምፅ ብቻዋን ቀርታ ነገሩን ልትገለብጥ አትችልም። ድምር ቢሆን ኖሮ አንድ ክፉ ቍጥር ሁሉን ያበላሽ ነበር። ይህን ሥርዓት በሌላም የፍርድ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን። ነገር ግን ሥርዓቱ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከዳኞቹ አንዳንዱ ከዳኝነቱ ሌላ የዳንስ መምህር ሆኖ፤ ከተወዳዳሪዎቹም መካከል ገንዘብ ከፍለው ከእርሱ የሚማሩ ሲገኙ እንዴት ይሁን የሚለው ነው። ነገሩ በዳንሰኞች ዘንድ ሁልጊዜ የሚታማ ነው፤ ሐሜቱም ሁሉ ከንቱ አይመስለንም።

በሰገነቱ ላይ ከአጠገባችን ተቀምጦ የነበረ፤ ከዚያው ከላንካሻየር አውራጃ የመጣ የአውቶቡስ ነጂ አጫወተን። ዐሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጁ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ትደንሳለች። አብሯት የሚደንሰው ልጅ ግን ባለፈው ክረምት ኳስ ጨዋታ ይሻለኛል ብሎ ትቷታል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አባትዬው የወንድ ልጅ ፍለጋ እስከ ሊቨርፑል ድረስ ሄዷል፤ አላገኘም። የልጅቱም ቍመት በየወሩ ስለሚጨምር፤ የሚገኘው ልጅ ደግሞ ከእርሷ እንዳያጥር ያሠጋዋል። ሰውዬው ይህን ሲነግረን የሚስቅ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በእጁ የያዘውን የፕሮግራም ወረቀት እያጠፈ እያጠፈ እንደ ጣት አሳንሶት ነበር። ልጅቱ ከእርሱ ዝቅ ብላ በሰገነቱ ጠርዝ ላይ ክንዷን አስደግፋ፤ የእርሷ ዕድሜ ያላቸው ሌሎች ሲደንሱ በከንፈሯ ርምጃውን ትቈጥር ነበር።

ይህ የአንድ ቤት ችግር አይደለም። በየአውራጃው ባሉ የዳንስ ትምህርት ቤቶች ሴቶች ልጆች በዝተው ወንዶች ልጆች ጥቂቶች ናቸው። በዚህም ምክንያት እኅትና ወንድም አብረው እንዲደንሱ የሚያደርጉ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ይህም መልካም የሆነበት ቤት አለ፤ እራት ላይ ጠብ ያመጣበትም ቤት አለ። አንዳንድ ውድድሮች ላይ ሁለት ሴቶች ልጆች ተጣምረው የሚወዳደሩበት ክፍል ተከፍቶላቸዋል። ወንድ ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ግን እንደ ባለ ርስት ይከበራል፤ መምህሩ ዋጋ ይቀንስለታል፤ የሴቲቱ ልጅ ወላጆች ጫማውን ሳይቀር የሚገዙለት አሉ ይባላል።

ወጪውም ቀላል አይደለም። ልጅ በየጊዜው ያድጋልና ልብሱና ጫማው በየዓመቱ ይለወጣል፤ የግል ትምህርት በሰዓት ይከፈላል፤ ከውድድር ወደ ውድድር ለመሄድ ነዳጅና ማደሪያ ያስፈልጋል። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በታች ላሉት ሕፃናት ግን የሚያብለጨልጭ ጌጥ እንዳያደርጉና ልብሳቸው ቀላል እንዲሆን ደንብ ተደርጎላቸዋል። ይህን ደንብ እጅግ ወደድነው። ለሕፃናት ብቻ የተለየ በዓል በብላክፑል ከ1947 ጀምሮ በፋሲካ ሰሞን ይደረጋል፤ በዚያም ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ የለበሰ የስምንት ዓመት ልጅ፤ ዳንሱ ሲፈጸም ለጓደኛው እጅ ነሥቶ ወደ ቦታዋ ሲያደርሳት ማየት፤ ዳንስ የማይወድ አባትን እንኳ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

እንግዲህ የአውራጃው አማተር ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? መልሱ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል፤ ከ2004 ጀምሮ ቢ.ቢ.ሲ. የታወቁ ሰዎችን ከባለሙያ ዳንሰኞች ጋራ እያጣመረ የሚያሳየው ዝግጅት ይህን ዳንስ በየቤቱ አስገብቶታል፤ የግንቡም አዳራሽ በብዙ ዓመታት በዚያ ዝግጅት ላይ ታይቷል። በሌላው በኩል ግን ማየት ሌላ መደነስ ሌላ ነው። ከሥድሳዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወጣቱ ሳይያያዝ መደነስን ስለ መረጠ፤ በየከተማው የነበሩት አዳራሾች ግማሾቹ የቢንጎ መጫወቻ፤ ግማሾቹ የሌሊት መጠጥ ቤት፤ ግማሾቹም ፍርስራሽ ሆኑ። ሃመርስሚዝ ፓሌ በ2007 ተዘጋ፤ በ2012ም ፈረሰ። በለንደን ደቡብ ምሥራቅ ያለው ሪቮሊ የተባለው አዳራሽ ግን፤ በ2007 በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ እንዳይፈርስ ተጠብቋል። አዳራሽ ሲጠፋ የመጀመሪያው የደረጃ ርከን ይጠፋል፤ የጎረቤት ዓይን የሚያየው ትንሹ ውድድር ሳይኖር ወጣቱ ከመለማመጃ ክፍል ወጥቶ በቀጥታ ወደ እቴጌ አዳራሽ ይገባል።

በእቴጌ አዳራሽም የሚጠብቀው ሌላ ነው። አማተር የሚለው ስም እንዳለ ቢሆንም ትርጓሜው ቀጥኗል። ከኢጣልያ፤ ከምሥራቅ አውሮፓና ከቻይና የሚመጡት አማተሮች አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ ከመለማመድ በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸው ናቸው፤ በአንዳንድ አገርም ከዩኒቨርሲቲ ይህንኑ እየተማሩ የሚመጡ አሉ። የላንካሻየር ልጅ ግን ከሥራ ወጥቶ ማታ ማታ በሳምንት ሦስት ቀን ይለማመዳል። በአንደኛው ዙር ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነቱ ከመደነሳቸው በፊት ከአቋቋማቸው ይታወቃል። በዚህ ምክንያት በአማተሮቹ ክፍል የአገሬው ሰው ከመጀመሪያው ዙር ብዙ ሳይርቅ ይወጣል፤ ወጥቶም ሻንጣውን ይዞ አይሄድም፤ የከፈለበት ነውና እስከ ሌሊት ድረስ በሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ያያል። የአገሬው ተወዳዳሪዎች እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩበት ውድድር በዚሁ አዳራሽ በኅዳር ወር እንዲደረግ ከ1975 ጀምሮ መወሰኑ ይህን ችግር አስቀድመው ያዩ ሰዎች ሥራ ይመስለናል።

ሌላው ጕዳት ከላይ የመጣ ነው። የዓለም ዳንሰኞች በሁለት ማኅበር ተከፍለዋል። አንደኛው በ1950 በኤደንብራ የተመሠረተው ነው፤ የመምህራንና የባለሙያዎች ወገን ይበዛበታል። ሁለተኛው በ1957 የአማተሮች ማኅበር ሆኖ የተነሣው ነው፤ ዳንስን እንደ ስፖርት አድርጎ በኦሊምፒክ ለማስገባት ሲደክም ኖሮ፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1997 ዕውቅና ሰጠው። አንዱ ማኅበር በሌላው ውድድር ላይ የደነሰውን የሚከለክልበት ጊዜ ስለ ነበረ፤ ጠቡን ያላመጡት ወጣቶች ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የገባው ዳንስ ብሬኪንግ የተባለው፤ ከኒው ዮርክ ጎዳና የተነሣው፤ በራስና በእጅ የሚሽከረከሩበት ሆነ። ቫልስና ፎክስትሮት ግን በደጅ ቀሩ። በብላክፑል ሰገነት ላይ ይህን ያነሡልን ሽማግሌዎች ግማሾቹ ተናደው፤ ግማሾቹም እፎይ ብለው ነበር።

ከተማይቱም እንደ ዳንሰኞቿ ፈተና ላይ ናት። ፋብሪካዎቹ ተዘግተዋል፤ የዕረፍት ሳምንቱ ልማድ አልቋል፤ ገንዘብ ያለውም ሰው በአውሮፕላን ወደ ሞቃት አገር ይሄዳል። መንግሥት በ2019 ባወጣው የድኽነት መመዘኛ፤ በእንግሊዝ አገር እጅግ ከተቸገሩት ዐሥር ሰፈሮች ስምንቱ በብላክፑል የሚገኙ ነበሩ። ከአዳራሹ በር ወጥተን በስተ ኋላ ባለው መንገድ ጥቂት ብንራመድ፤ መስኮታቸው በሣንቃ የተመታ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶችን አየን። በዚያው መንገድ ግን አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ የዳንሰኞች ልብስ በቶሎ እንደምትተኩስ የሚገልጽ ጽሑፍ ሰቅላ ነበርና፤ በዓሉ ለስንት ትንንሽ ቤት እንጀራ እንደ ሆነ ከዚያ ተረዳን። የከተማው ማዘጋጃ ቤት በ2010 ግንቡንም የክረምቱን አትክልት ቦታም ከግል ባለ ገንዘብ እጅ ገዝቶ የሕዝብ ንብረት አድርጓቸዋል። በ2020 መቶኛው ዓመት ሊከበር ሲታሰብ በበሽታው ወረርሽኝ ምክንያት በዓሉ ተሰረዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ተቋርጦ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ በ1946 ተደርጓል።

ብላክፑልን ከተውን በኋላ ትንሹን ውድድር ለማየት በማንችስተር አቅራቢያ ወዳለች አንዲት ከተማ በእሑድ ቀን ሄድን። ቦታው የትምህርት ቤት ምግብ አዳራሽ ነበር። ከጥዋቱ ጀምረው አባቶች ጠረጴዛዎቹን አውጥተው፤ ከመኪና ላይ ያወረዱትን የእንጨት ወለል ቁራጭ ቁራጩን እየገጠሙ አነጠፉት። ሞላ የለውም፤ ሰገነት የለውም፤ ሙዚቃውም ከማሽን ነው። ዳኞቹ አምስት ነበሩ፤ ሻይ የሚያፈሉት እናቶች ናቸው። ከሥድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ባልና ሚስት፤ ከሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ የጀመሩ ናቸው አሉን፤ ለአዛውንቶች በተለየው ክፍል ሦስተኛ ወጡና ባልዮው የተሰጠችውን ትንሽ ዋንጫ በኪሱ ለማስገባት ሲታገል አየነው። ለጀማሪዎች የተለየው ክፍል ከሁሉ የበለጠ ሰው ነበረበት፤ ከእነዚያም መካከል አንዱ ወጣት ቫልሱ ሲጀመር በተሳሳተ እግር ተነሥቶ፤ ጓደኛው በጆሮው አንድ ነገር ነግራው፤ ቆመው አንድ ዙር ከቈጠሩ በኋላ እንደ ገና ጀመሩ፤ ከአጠገባቸው ያሉትም መንገድ ለቀቁላቸው።

ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት የመጨረሻው ኵዊክስቴፕ ሲያልቅ አባቶቹ ኮታቸውን አውልቀው ወለሉን ነቅለው ወደ መኪናው ጫኑት፤ ጠረጴዛዎቹም ለሰኞ ምሳ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።